የፋብሪካው አድራሻ ለቺፑ ዋስ አይሆንም፦ ስለ ጦር መሣሪያ ማይክሮቺፖች ለቀረበ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ሰሞኑን ስለ አሜሪካ የመከላከያ ማይክሮቺፖች አቅርቦት በአማርኛ የቀረበ አንድ ጽሑፍ አነበብኩ። የጸሐፊው ክርክር ባጭሩ እንዲህ ነው፦ አሜሪካ ለሚሳኤሎቿ፣ ለተዋጊ አውሮፕላኖቿና ለራዳሮቿ የሚሆኑትን ቺፖች በውጭ አገር ስለምታሠራ ጠላት በውስጣቸው የማጥፊያ ቁልፍ ሊደብቅባቸው ይችላል፤ ለዚህ ያበቃትም አይቢኤም በ2014 የቺፕ ፋብሪካዎቹን ለባዕድ መሸጡ ነው፤ መፍትሔው መንግሥት በገዛ መሬቱ ላይ የራሱን ፋብሪካ አቁሞ ጦሩ የሚፈልገውን ቺፕ ሁሉ እዚያው ማምረት ነው፤ እስከዚያው የሚገባው ሁሉ በጥብቅ ይፈተሽ፤ ገንዘቡም ኮንግረስ በ2022 ካጸደቀው 52 ቢሊዮን ዶላር ይገኛል። (በዚህ ምላሽ ውስጥ ያሉት ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጽሑፉ የተደከመበት ነው፤ ሥጋቱም ከባዶ የተነሣ አይደለም። እኔ የምለየው እምነት የሚጣልበት ቺፕ ማለት ምን ማለት ነው በሚለው ላይ ነው። ለጸሐፊው መልሱ የፋብሪካው አድራሻ ነው። ለእኔ ደግሞ ቺፑ ከተነደፈበት ክፍል ተነሥቶ ቦርዱ ላይ እስኪበየድ ድረስ በእነማን እጅ እንዳለፈ በማስረጃ ማወቅ ነው። ልዩነቱ የቃላት ብቻ እንዳይመስል አስቀድሜ ልናገር፦ እስካሁን በጦር መሣሪያ ውስጥ በብዛት ተገኝቶ በኦፊሴል ምርመራ የተረጋገጠው መጥፎ ቺፕ በሰላይ ጥበብ የተሠራ ሳይሆን ከአሮጌ ኮምፒውተር ተነቅሎ፣ ታጥቦና ቀለም ተቀብቶ በደላላ የተሸጠ ነው። ስለዚህ ቺፕ ጽሑፉ አንድ ዓረፍተ ነገር እንኳ የለውም።

ከአይቢኤም ልጀምር፤ ታሪኩ ሲሳሳት መፍትሔውም አብሮ ይሳሳታልና። ጸሐፊው ኩባንያው «የአገር ምስጢር በገንዘብ ለወጠ» ይላሉ። የሆነው ግን የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። አይቢኤም በኒውዮርክ ኢስት ፊሽኪልና በቨርሞንት ኤሴክስ ጀንክሽን የነበሩትን ፋብሪካዎች ግሎባልፋውንድሪስ ለተባለው ቺፕ አምራች ኩባንያ ሲያስረክብ ገንዘብ አልተቀበለም፤ ራሱ ለተረካቢው 1.5 ቢሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምቶ ነው የተገላገላቸው። ስምምነቱ በጥቅምት 2014 ይፋ ሆኖ ርክክቡ በሐምሌ 2015 ተጠናቀቀ። ንብረቱን ለመስጠት ራሱ የሚከፍል ባለቤት ሀብት እየሸጠ አይደለም፣ ዕዳ እያራገፈ ነው። የቺፕ ሥራ በየሁለት ሦስት ዓመቱ አዲስ ቢሊዮን የሚጠይቅ ሥራ ነው፤ የአይቢኤም ፋብሪካዎች ደግሞ ያን ወጪ የሚመልስ የምርት ብዛት አልነበራቸውም።

ፔንታጎን «ታማኝ ፋብሪካ» በተባለው ፕሮግራሙ ከ2004 ጀምሮ የረቀቁትን ቺፖች የሚያሠራው በእነዚህ ፋብሪካዎች ነበር፤ ስለዚህ ርክክቡ ማስደንገጡ እውነት ነው። ተረካቢው ኩባንያ የአቡዳቢ መንግሥት መዋዕለ ንዋይ ነው፤ ዝውውሩም የውጭ ኢንቨስትመንትን በሚመረምረው የአሜሪካ መንግሥት ኮሚቴ አልፎ ነው የጸደቀው። ነገር ግን ልብ ይበሉ፦ ሕንፃዎቹ ከቦታቸው አልተነቃነቁም፤ ማሽኖቹ እዚያው ናቸው፤ ጠዋት የሚገቡት ሠራተኞችም በአብዛኛው ያው ናቸው። አድራሻው ሳይለወጥ የእምነቱ ጥያቄ ግን እንደ አዲስ ተነሣ። ከዚያም በነሐሴ 2018 ግሎባልፋውንድሪስ 7 ናኖሜትር የተባለውን የረቀቀ ቺፕ ሥራውን አቆመ፤ በ2019 ደግሞ ኢስት ፊሽኪልን ለሌላ የአሜሪካ ኩባንያ በ430 ሚሊዮን ዶላር ለመሸጥ ተዋዋለ። በአምስት ዓመት ውስጥ ይህ ሁሉ የሆነው ጸሐፊው አስተማማኝ በሚሉት በአሜሪካ ምድር ላይ ነው።

ሁለተኛው ነጥባቸው ጦሩ ትልቅ ገዢ ስለሆነ ኩባንያዎች ይታዘዙታል የሚል ነው። ይህ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እውነት ነበር። የሚኒትማን ሚሳኤልና የአፖሎ የጨረቃ ጉዞ ገና በእንጭጩ የነበረውን የቺፕ ኢንዱስትሪ በግዢያቸው አቁመውታል። ዛሬ የአሜሪካ መከላከያ ድርሻ ከዓለም የቺፕ ገበያ አንድ በመቶ ገደማ ነው። ገበያውን የያዙት ስልኩ፣ መኪናውና የመረጃ ማዕከሉ ናቸው። በዓመት አንድ ኪሎ ቡና የሚገዛ ሰው ለነጋዴው ዋጋ ሊቆርጥለት አይችልም፤ ፔንታጎንም አንድ የምርት መስመር እንዳይዘጋ ሲለምን የሚገኝበት ሁኔታ ከዚህ ብዙ አይርቅም።

መንግሥት የራሱን ፋብሪካ ይሥራ የሚለው ሐሳብ ደግሞ አዲስ አይደለም። የብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ በሜሪላንድ ፎርት ሚድ ውስጥ የራሱ የቺፕ ፋብሪካ ነበረው፤ ቴክኖሎጂው ጥሎት ሲሄድ ተዘጋ። በሌላ በኩል በኒው ሜክሲኮ የሚገኘው የሳንዲያ ብሔራዊ ላቦራቶሪ ጨረር የሚቋቋሙ የኑክሌር መሣሪያ ቺፖችን እስከ ዛሬ ራሱ ይሠራል። እዚህ ላይ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ፤ ለእንዲህ ያለ ጠባብ፣ ልዩና ዘገምተኛ ፍላጎት የመንግሥት ፋብሪካ ተገቢ ነው። ሳንዲያን ያቆየው ግን የረቀቀውን ቴክኖሎጂ አለማሳደዱ ነው፤ ጨረርን ለመቋቋም ተለቅ ያለና ያረጀ የሚባለው አሠራር ይበቃዋል። ጸሐፊው የሚሉት «ሁሉንም ቺፕ» ነው። የዘመኑን ረቂቅ ቺፕ የሚያመርት አንድ ፋብሪካ ከ20 ቢሊዮን ዶላር በላይ ይፈጃል፤ ያም ሆኖ ሥራው እየጠራ የሚሄደው በብዛት በማምረት ነው። መሐንዲሶቹ የትኛው እርከን ላይ ጉድለት እንደሚፈጠር የሚማሩት በሺዎች የሚቆጠሩ ዋፈሮች፣ ማለትም ቺፖቹ በብዛት የሚሠሩባቸው ክብ የሲሊከን ሳህኖች፣ በእጃቸው ሲያልፉ ነው። የጦሩ ትእዛዝ ደግሞ አንዳንዴ ጥቂት ደርዘን ዋፈር ነው። እንዲህ ያለው ፋብሪካ ውድ ብቻ አይሆንም፣ ሥራውንም አይችለውም።

በዚያ ላይ ፋብሪካው አሜሪካ ውስጥ ቢቆምም በውስጡ ያለው ሁሉ የአሜሪካ አይሆንም። እጅግ ጥቃቅን መስመሮችን በብርሃን የሚያትመውን ማሽን በዓለም የሚሠራው አንድ የኔዘርላንድ ኩባንያ ነው። ለብርሃን ስሱ የሆነው ኬሚካል በአብዛኛው ከጃፓን ይመጣል። የተጠናቀቀው ዋፈር ተቆርጦ፣ በሽፋን ታሽጎና ተፈትሾ የሚወጣው ደግሞ በብዛት እስያ ውስጥ ነው፤ ፔንታጎን በ2022 ባወጣው ሪፖርት ከማይክሮኤሌክትሮኒክስ የማሸግና የመፈተሽ ሥራ 98 በመቶው ከአሜሪካ ውጭ እንደሚከናወን ገልጿል። በጽሑፉ ውስጥ ስለ ማሸግ ምንም አለመባሉ ይገርማል፤ ቺፕ በአሜሪካዋ አሪዞና ተወልዶ ለሽፋኑ ባሕር ተሻግሮ ከተመለሰ አድራሻው የቱ ነው?

አሁን ወደ ተደበቀው ማጥፊያ ቁልፍ ልምጣ። ጸሐፊው ይህን ሲያነሡ ብዙዎች እንደ ፊልም ታሪክ ይቆጥሩባቸው ይሆናል፤ እኔ ግን አልቀልድባቸውም። የሚሺገን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2016 ነገሩን ሠርተው አሳይተዋል። በአንድ ፕሮሰሰር ውስጥ ከሌሎቹ አካላት ጋር ሲነጻጸር ኢምንት የሆነች አንዲት ክፍል ጨመሩ፤ ክፍሏ በአጠገቧ ባለ ሽቦ ላይ አንድ የተለየ እንቅስቃሴ ሲደጋገም ጥቂት ጥቂት የኤሌክትሪክ ቻርጅ ታጠራቅማለች፤ ሲሞላላት ተራውን ተጠቃሚ የማሽኑ ጌታ ታደርገዋለች። እንቅስቃሴው ካልተደጋገመ ቻርጁ ይፈስና ምንም እንዳልነበረ ይሆናል። ንድፉን በወረቀት ብቻ አላስቀሩትም፣ ቺፑን አሠርተው ሞክረውታል። ተራ ፍተሻ እንዲህ ያለውን አያገኘውም።

ጥያቄው አደጋው አለ ወይስ የለም ሳይሆን ማን፣ የት ሊፈጽመው ይችላል የሚለው ነው። ፋብሪካ ውስጥ ያለ አጥቂ ከሚያልፉት የብዙ ደንበኞች ንድፎች መካከል የትኛው ለሚሳኤል እንደሚውል ለይቶ ማወቅ፣ ንድፉን ተረድቶ ክፍት ቦታ ማግኘት፣ ከዚያም የሥራ ባልደረቦቹ ሳያዩ መለወጥ አለበት። የመከላከያ መሐንዲሶች ይህን ለማክበድ አድራሻን የማይጠይቁ መንገዶች አሏቸው። አንዱ ተግባሩ ከተመረተ በኋላ የሚጫንበትን ኤፍፒጂኤ የተባለውን ቺፕ መጠቀም ነው፤ ታይዋን ያለው ፋብሪካ የሚያመርተው ባዶ ሰሌዳ ነው፣ በላዩ የሚጻፈውን ምስጢር አያየውም። ሌላው በ2011 የአሜሪካ የስለላ ተቋማት የምርምር ኤጀንሲ ያስጀመረው ሥራውን የመክፈል ዘዴ ነው፤ ትራንዚስተሮቹ፣ ማለትም የቺፑ ጥቃቅን ማብሪያ ማጥፊያዎች፣ በውጭ አገር ይሠራሉ፣ እነርሱን የሚያገናኙት የብረት መስመሮች ግን አሜሪካ ውስጥ ይነጠፋሉ፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ፋብሪካ የያዘው ፊደላቱን እንጂ ቃሉን አይደለም። ሁለቱም ፍጹም አይደሉም። ኤፍፒጂኤውም ራሱ ሊበከል ይችላል፤ ከሁሉ በላይ ደግሞ ክፉው ሥራ ከፋብሪካው በፊት፣ ንድፉ በሚሠራበት ኮምፒውተር ላይ ወይም ከሌላ ኩባንያ በተገዛ የንድፍ ቁራጭ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ያኔ ደግሞ የመንግሥቱ ፋብሪካ የተሰጠውን ንድፍ ከነመርዙ በታማኝነት ያትመዋል።

ፔንታጎን ራሱ ከ2020 ጀምሮ አድራሻን ብቻ ከሚያምነው አሠራር እየራቀ፣ ማንንም አስቀድሞ ሳያምኑ በየእርከኑ ማስረጃ ወደ መሰብሰብ ማዘንበሉን በግልጽ ተናግሯል። ጸሐፊው መንግሥት ይከተለው የሚሉት መንገድ መንግሥት ሃያ ዓመት ሊጠጋ ሞክሮት የተመለሰበት ነው።

ወደ ተዘነጋው ቺፕ ልመለስ፤ ብዙ ልቆይበት የምፈልገውም እዚህ ነው። የሴኔቱ የጦር ኃይሎች ኮሚቴ በ2009 እና በ2010 ብቻ 1,800 ገደማ ሐሰተኛ ናቸው ተብለው የተጠረጠሩ ግዢዎችን አገኘ፤ በእነዚህ ውስጥ የነበሩት ክፍሎች ጠቅላላ ብዛት ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነው። የኮሚቴው ሪፖርት በግንቦት 2012 ሲወጣ፣ ምንጫቸው ከተመረመረው መካከል ከ70 በመቶ የሚበልጡት ወደ ቻይና መርተዋል። በትራንስፖርት አውሮፕላን፣ በባሕር ኃይል ሄሊኮፕተርና በባሕር ጠባቂ አውሮፕላን ላይ ተገኝተዋል። ታድ በተባለው ጸረ ሚሳኤል ሥርዓት ኮምፒውተር ውስጥ የተገኙትን የማስታወሻ ቺፖች ለመተካት 2.7 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ወጥቷል። የሚሳኤል መከላከያ ኤጀንሲው ኃላፊ ለሴኔቱ ሲናገሩ የ12 ሚሊዮን ዶላር ሚሳኤል በ2 ዶላር ዕቃ እንዲበላሽ እንደማይፈልጉ ገልጸው ነበር።

የመንግሥት ተጠያቂነት መሥሪያ ቤት በዚያው ጊዜ ያደረገው ሙከራ ከዚህም ይብሳል። መርማሪዎቹ የውሸት ኩባንያ አቋቁመው በኢንተርኔት 16 የወታደራዊ መሣሪያ ክፍሎችን ገዙ። ሰባቱ ምርታቸው የቆመ ወይም በገበያ እምብዛም የማይገኙ ነበሩ። አምስቱን የጠየቁት ከምርቱ መቆም በኋላ ያለ ቀን እንዲኖራቸው አድርገው ነው። የቀሩት አራቱ ግን በዓለም ላይ ጭራሽ ያልነበሩ፣ መርማሪዎቹ ከራሳቸው የፈጠሯቸው ቁጥሮች ናቸው። ሁሉም ተላኩላቸው፤ ያልነበረውም ቁጥሩ ተጽፎበት መጣ። ከ16ቱ እውነተኛ ሆኖ የተገኘ አንድም አልነበረም። መርካቶ ገብቶ የስልክ መለዋወጫ የገዛ ሰው «ኦሪጅናል ነው» የሚለው ቃል ስንት እንደሚመዝን ስለሚያውቅ ይህ ላያስገርመው ይችላል፤ ልዩነቱ ዕቃው የሚገባው አውሮፕላን ውስጥ መሆኑ ነው።

አሠራሩ የሚታወቅ ነው። በደቡብ ቻይና ሻንቱ አካባቢ ከመላው ዓለም የተጣለ ኤሌክትሮኒክስ ይከማች ነበር። ቦርዱ እሳት ላይ ይደረግና ብየዳው ሲቀልጥ ቺፖቹ ይረግፋሉ፤ ይታጠባሉ፣ በግቢ ላይ ተሰጥተው ይደርቃሉ፤ የላይኛው ጽሑፍ ይፋቃል፤ ጥቁር ሽፋን ይቀባል፤ አዲስ ቁጥርና አዲስ ቀን ይታተምበታል። ከ0 እስከ 70 ዲግሪ ሴልሺየስ እንዲሠራ የተመረተው የቢሮ ቺፕ ከዜሮ በታች 55 እስከ 125 ዲግሪ የሚችል ወታደራዊ ቺፕ ሆኖ ይወጣል።

እኔ ራሴ ስሙን በማልጠቅሰው መሥሪያ ቤት የዕቃ መረከቢያ ክፍል ውስጥ ስሠራ አንድ ትሪ ሙሉ ቺፕ ከደላላ መጣ። ማሸጊያው ንጹሕ ነው፣ ወረቀቱ ሙሉ ነው። በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን በእያንዳንዱ ቺፕ ጥግ ላይ መኖር የነበረበት ክብ ጎድጓዳ ምልክት በአንዳንዶቹ ላይ ጥልቅ፣ በአንዳንዶቹ ላይ ግማሽ የተሞላ ነው። ጥጥ በአሴቶን፣ ማለትም የጥፍር ቀለም በሚያስለቅቀው ፈሳሽ፣ ነክረን ስናሸው ጥጡ ጠቆረ። ከሥሩ ሌላ ቁጥር ደብዝዞ ብቅ አለ። ያን ትሪ የላከው ሰው ስለ ሲሊከን ምንም ማወቅ አላስፈለገውም።

ጸሐፊው «ጥብቅ ፍተሻ ይደረግ» የሚሉት እዚህ ላይ ይጠቅም ነበር፤ ግን አንድ ነገር አላሰቡበትም። አዳዲሶቹ አጭበርባሪዎች አሴቶን የማያስለቅቀው ሽፋን መጠቀም ጀምረዋል። ኤክስሬይ ውስጡን ያሳያል፤ ሽፋኑን በአሲድ አሟሙቶ ሲሊከኑን ማየት ደግሞ የተሻለ ማስረጃ ይሰጣል፤ የተከፈተው ቺፕ ግን ከእንግዲህ አይሰካም። ስለዚህ ከሺው አምስቱን ከፍቶ የቀረውን በግምት ማለፍ ግድ ነው። አስቸጋሪው ደግሞ ያገለገለው ቺፕ ነው። ሲሊከኑ እውነተኛ ነው፣ የሠራውም ትክክለኛው ኩባንያ ነው፣ ጠረጴዛ ላይ ሲሞከር ይሠራል። ዕድሜውን ግን በሌላ ማሽን ውስጥ ጨርሶታል፤ የሚሞተው አየር ላይ ነው። ፍተሻ የመጨረሻ አጥር ነው፤ ከጀርባው የሚታወቅ ሻጭ ከሌለ አይችለውም።

ታዲያ ጦሩ ከደላላ ለምን ይገዛል? ኩባንያው ማምረት ስላቆመ ነው። የመጨረሻው ቢ-52 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ለአየር ኃይሉ የተሰጠው በ1962 ነው፤ እስከ 2050ዎቹ እንዲበር ታቅዷል። የአንድ ቺፕ የገበያ ዕድሜ ግን ብዙ ጊዜ ጥቂት ዓመታት ነው። አምራቹ ሊያቆም ሲል ለደንበኞቹ የመጨረሻ ግዢ ማስታወቂያ ይልካል፤ ለማዘዝ አብዛኛውን ጊዜ ስድስት ወር ገደማ ይሰጣል። በእነዚህ ወራት አንድ የጦር መሣሪያ ጽሕፈት ቤት የሠላሳ ዓመት ፍላጎቱን ገምቶ፣ በጀት አስፈቅዶ፣ ውል መፈረም አለበት። ቀኑ ሲያልፈው የሚቀረው ደላላው ነው። የጸሐፊው ፋብሪካ በዚህ ቀዳዳ በኩል ምንም አያደርግም፤ አዲስ ፋብሪካ የሚያመርተው አዲስ ቺፕ ነው፣ የጎደለው ደግሞ የዛሬ ሃያ አምስት ዓመቱ።

ስለ 52 ቢሊዮን ዶላሩም ይህንኑ እላለሁ። የ2022ቱ ሕግ ከያዘው ውስጥ 39 ቢሊዮኑ ለፋብሪካ ግንባታ ማበረታቻ ነው፤ በአብዛኛውም ለንግዱ ገበያ ለሚያመርቱ ኩባንያዎች የሚሄድ ነው። በቀጥታ ለመከላከያ የተመደበው 2 ቢሊዮን ነው። አሜሪካ ለረቀቀ ቺፕ በታይዋን ላይ መንጠልጠሏ እውነተኛ አደጋ ስለሆነ ገንዘቡ አላግባብ ወጣ አልልም። ነገር ግን በታኅሣሥ 2023 ይፋ የተደረገው የሕጉ የመጀመሪያ ድጋፍ ለማን እንደታሰበ ይመልከቱ፦ በኒው ሃምፕሸር ናሹዋ ለኤፍ-35 አውሮፕላን ቺፕ ለሚሠራው የቢኤኢ ሲስተምስ ፋብሪካ፣ ያረጁ ማሽኖቹን ይተካ ዘንድ፣ 35 ሚሊዮን ዶላር ገደማ። በቢሊዮን በሚነገርበት ሕግ ውስጥ ይህ ሽርፍራፊ ነው፤ ለጦሩ ግን ከብዙዎቹ ትልልቅ ሕንፃዎች የበለጠ ቅርብ ነው።

ከሐሰተኛው ቺፕ ጋር በተደረገው ትግል ብዙ የሠራው፣ በእኔ ግምት፣ ፋብሪካም ገንዘብም አይደለም። ለ2012 የበጀት ዓመት የወጣው የመከላከያ ሕግ ተቋራጮች በተቻለ መጠን ከዋናው አምራች ወይም እርሱ ከፈቀደለት ሻጭ እንዲገዙ፣ ሐሰተኛ ዕቃ ቢገኝም የማስተካከያውን ወጪ ለመንግሥት እንዳይጭኑ ደነገገ። ወጪው ወደ ራሳቸው ኪስ ሲዞር የግዢ ክፍሎቹ ደላላውን ሁለት ጊዜ ማየት ጀመሩ።

የቀረውን ቀዳዳ የሚደፍነው ሥራ ደግሞ አሰልቺ ነው። የመጨረሻው ግዢ ማስታወቂያ ሲመጣ ዋፈሮቹን ሳይቆረጡ ገዝቶ በናይትሮጅን በተሞላ ቁም ሣጥን ማስቀመጥና በየጊዜው የሚፈለገውን ያህል ማሸግ ይቻላል፤ ይህን ሙያቸው ያደረጉ የአሜሪካ ኩባንያዎች አሉ። ይህም ሲያመልጥ በካሊፎርኒያ ሳክራሜንቶ አጠገብ የሚገኘው የመከላከያ ማይክሮኤሌክትሮኒክስ ተቋም ምርታቸው የቆመ ቺፖችን በጥቂት ቁጥር መልሶ ይሠራል፤ ጸሐፊው የሚመኙት የመንግሥት ፋብሪካ በዚህ ልክ አስቀድሞም አለ። ማስታወቂያው ጠረጴዛው ላይ ሲያርፍ፣ በጀቱ ገና ሳይጸድቅ፣ በስድስት ወር ውስጥ የግዢውን ፊርማ ማን ያኖራል የሚለውን ግን ጽሑፋቸው አላነሣውም።